የእረፍት ሰዓት ፊርማ

«ይኸው፣ ሦስተኛው ነው» አሉ ዘበኛው፣ መዝገቡን ለርእሰ መምህሯ እያሳዩ። «በእረፍት ሰዓት ላስፈርመው ስሄድ የለም። ሦስት ጊዜ ከጠፋ ለፍርድ ቤት አሳውቁ ተብለናል።»

ጠመኔ ልትወስድ የመጣችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። የሚያወሩት ስለ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ ስልክ ሰርቆ ተይዞ ነበር። ዳኛው እስር ቤት ከመላክ ይልቅ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ የተሰባበሩ ዴስኮችን እንዲጠግን ፈረዱበት። የእሷ ዕድል ሆኖ የተመደበው እዚሁ ትምህርት ቤት ነው። እናቷ ያን ቀን በደስታ አለቀሰች። አባታቸው ሁለት ዓመት ታስሮ ሲመለስ፣ የገዛ ቤቱን በር እንኳ ሰው እስኪከፍትለት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ይህ ልማድ እስኪሞት ድረስ አልተወውም። እናቷ ግን ደስታዋንም አላመነችው፤ የልጇን ብርድ ልብስ ጠቅልላ ከበር ጀርባ አስቀምጣለች። «አይታወቅም» ትላለች።

ልጅቷ ደግሞ አፈረች። ጓደኛዋ ወንድሟ መሆኑን ሳታውቅ በመስኮት እያየች «ያ ሌባ መጣ፣ ቦርሳሽን ያዢ» ስትላት አብራ ሳቀች። የዚያን ዕለት ቤት እንደገባች ወንድሟን «በናትህ፣ እረፍት ሲደወል ተደበቅልኝ» አለችው።

«የት ልግባልሽ? ጉድጓድ ልቆፍር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ አይዩህ።»

ከዚያ ወዲህ ደወል በተሰማ ቁጥር መዶሻውን አስቀምጦ ከመጋዘኑ ጀርባ ይቀመጣል። ዘበኛው በፈለጉት ቀን ብቅ ይላሉ፤ ሲያጡት ምንም ሳይናገሩ ጽፈው ይመለሳሉ። መቅረቱ እንደሚጻፍ እሱም እሷም አያውቁም ነበር።

«የት ነበርክ ብለው ጠየቁት?» አሉ ርእሰ መምህሯ።

«ዛሬ ጠዋት ጠየቅኩት። ‹ደክሞኝ ነው› አለኝ። በዚያ ጉልበቱ ደከመኝ ይላል እንዴ? ሥራውስ ደህና ነበር።»

«እንግዲህ ምን እናደርጋለን። ደብዳቤው ዛሬ ይሂድ።»

ለልጅቷ ገባት። እሷን ላለማንሳት ነው ደከመኝ ያለው።

ደወሉ ተደወለ። ከመጋዘኑ በኩል ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ወዲያው ቆመ። ዛሬም ሊደበቅላት ሄደ።

ተማሪዎች ኮሪደሩን ሞሉት። ጓደኛዋ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ጠመኔ ልታመርቺ ነው እንዴ የሄድሽው? ነይ እንውጣ።»

«አንቺ ቅደሚ።»

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ልጅቷ ወደ ቢሮው ገባች። እጇ በሩን ሊዘጋ ሄዶ ነበር፤ መለሰችው። በሩ እንደተከፈተ፣ ጓደኛዋም እዚያው እንደቆመች፣

«መምህር፣ ደክሞት አይደለም» አለች። «ወንድሜ ነው። ተደበቅ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዘበኛው መዝገቡን አጠፍ አደረጉት። «አሁን የት ነው ያለው?»

«ኑ፣ ላሳያችሁ» አለች፤ በጓደኛዋ አጠገብ አልፋ ፊት ፊት ሄደች።