ሁለተኛዋ ሳህሊቱ

የፎቶ አንሺው የደገፉ አስከሬን የተገኘው በራሱ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ደንበኞቹን እያስቀመጠ «ቀና በሉ» ከሚልበት በርጩማ አጠገብ ነው። የጀርባው ነጭ መጋረጃ ከነዘንጉ ወድቆ ግማሽ ገላውን ሸፍኖታል። የካሜራው የብረት መቆሚያ ከራስጌው ተጋድሟል፤ አንደኛው የመቆሚያው እግር ላይ ደም ደርቋል።

ኢንስፔክተር የትምወርቅ ወደ ውስጥ ሳትዘልቅ ደጃፉ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። አለቃዋ ኮማንደር ሶርሳ ከኋላዋ ደረሰ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳህሊቱ የምትባል ቅቤ ነጋዴ እዚህ መጥታ ስትጮህበት ነበር። መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ሰሞኑን ግምገማ አለብን፤ ይህ መዝገብ ተከፍቶ እንዲጠብቀኝ አልፈልግም።»

«የእኛ ግምገማ ሟቹን አያገባውም» አለች የትምወርቅ ሳትዞር።

ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ትንሿ ክዳን ተከፍታለች፤ ምስል የሚያጠራቅመው ሚሞሪ ካርድ ከውስጡ የለም። ውድ የሆነውን ካሜራ ትቶ ትንሽ ካርድ ይዞ የሚሄድ ሌባ የትምወርቅ አታውቅም። ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ለመክፈት ሞከረች፤ መብራት የለም። ሶዶ ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ነበረች።

ሬሳውን ያገኘው ቤኒ ነው፤ ከደገፉ ጋር ለዓመታት የሠራ፣ አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ራሱን የያዘ ሰው።

«ጋሼ ደገፉ ጠላት የለውም» አለ። «እትዬ ሳህሊቱ ጮኸችበት፤ እውነት ነው። "አሁኑኑ ስሙን ተናገር" ስትል ሰምቻለሁ። እሱም "ነገ ፖሊስ ፊት እናገራለሁ" ሲላት ሰማሁ። ከዚያ እሷ ወጣች፤ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሱ ግን ጥቂት እቆያለሁ ብሎ ቀረ።»

«የምን ስም?»

«እሱን አላውቅም።»

«ካሜራው ውስጥ የነበረውን ካርድስ ማን ይወስደዋል?»

ቤኒ ቀና አለ። «ካርዱ? ካርዱ ምን ያደርግለታል? ፎቶውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን ካርዱን እናጠፋዋለን።»

የትምወርቅ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሳህሊቱ ቦልቴን ያገኘቻት በጣቢያው ግቢ ነው። ተቀመጪ ብለዋት እምቢ ብላ ቆማለች።

«የሚቀመጠው ተከሳሽ ነው፤ እኔ ከሳሽ ነኝ» አለች ገና የትምወርቅን ስታያት።

«ትናንት ጮኸዋል ይባላል።»

«ጮኼአለሁ። አሁንም እጮኻለሁ። ስሚኝ ልጄ። ከበዴሳ ቅቤ ላመጣ ብዬ ገንዘብ ላወጣ ኤቲኤም ጋ ሄድኩ፤ ማሽኑ ካርዱን እምቢ አለኝ። ባንኩ ውስጥ ስገባ "ካርዴ ጠፋ ብለሽ አዲስ ወስደሻል" አሉኝ። ካርዴ በእጄ ነው! መታወቂያም አሳይተሻል ብለው ኮፒውን አወጡልኝ። ስሙ የእኔ፣ የአባቴም ስም፣ የልደት ዘመኑም የእኔ። ፊቱ ግን የሌላ ሴት። ያቺ ሁለተኛዋ ሳህሊቱ ሂሳቤን አራግፋ ሄዳለች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ "ጥንቃቄ ጎድሎሽ ነው" ይለኛል። ሌባ ስሜን ለብሶ ገብቶ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ!»

«ወደ ደገፉ ምን ወሰደዎት?»

«የመታወቂያውን ኮፒ ይዤ የሶዶን ፎቶ ቤት ሁሉ ዞርኩ። ደገፉ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። "ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሴትየዋን ይዟት የመጣውንም ሰው አውቀዋለሁ" አለኝ። ስሙን ንገረኝ ብለው "አንቺ ሄደሽ በሩን ትሰብሪበታለሽ፤ መጀመሪያ ፖሊስ ይስማ" አለኝ። ለዚህ ነው የጮኽኩት። ያለኝን አንድ ምስክር ለምን እገድላለሁ?»

«ደገፉ ሊመሰክር መሆኑን ለማን ነገሩ?»

«ለሁለት ሰው ብቻ። ለባንኳ ልጅ ለቤዚ፣ ነገ ምስክር ይዤ እመጣለሁ ብዬ ዛትኩባት። ለእዮኤል ደግሞ፤ የሟቹ ባሌ ወንድም ነው፤ ጣቢያ አብሮኝ እንዲሄድ ብዬ።»

«የመታወቂያዎ ኮፒስ ማን እጅ ይገኛል?»

ሳህሊቱ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «ባሌ ሲሞት ለውርሱ ጉዳይ ያልሰጠሁት የለም» አለች። «ለራፖር ጸሐፊው፣ ለጉዳይ አስፈጻሚው፣ ለእዮኤል… ወረቀት መስሎኝ በተንኩት። ለካ ራሴን ነው የበተንኩት።»

እዮኤል የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ይሸጣል። የትምወርቅን ከመደርደሪያው ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ወንበር አቀረበላት፤ ለሟቹም አዘነ።

«ትናንት ሱቄን ዘግቼ በጊዜ ቤቴ ገባሁ» አለ። «እህት ሳህሊቱ ልቧ ንጹሕ ነው፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። ግን ንዴቷ… ምን ታድርግ፤ እናቷ በወለደቻት ዕለት ሞታባት በሰው እጅ ያደገች ናት። እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ ይገነፍላል። ሳታስበው አድርጋው ይሆናል። ጥፋቷን ብታምን ይሻላት ነበር፤ እኛም ሽማግሌ ሆነን የሟቹን ቤተሰብ እንለምን ነበር።»

«ለእርስዎ ነግራዎት ነበር፤ ደገፉ ሊመሰክር መሆኑን?»

«አንድ ነገር ብላኝ ነበር። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ልብ ብዬ አልሰማኋትም።»

የባንኳ ቤዚ ዓይኖቿ አብጠው ነበር። ያችን ሴት ያስተናገደችው እሷ ናት።

«መታወቂያውን አየሁ፤ ፎቶው ከሴትየዋ ጋር አንድ ነው» አለች። «ከዚያ እንደ ደንቡ የእናቷን ስም ጠየቅኳት። መጀመሪያ ብርሃኔ አለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ግን ብርሃኔ አይደለም። ልክ አይደለም ስላት ደነገጠች፤ ስልክ ልደውል ብላ ወጣች። ተመልሳ "ያሳደገችኝ ፋንታዬ ናት" አለችኝ። ፋንታዬ ልክ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር ኢንስፔክተር… አሳለፍኳት።»

የትምወርቅ እርሳሷን አስቀመጠች። «እስቲ ድገሚልኝ። መጀመሪያ ማን አለች?»

«ብርሃኔ።»

የትምወርቅ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። ሳህሊቱ አሁንም እንደቆመች ነበር።

«ብርሃኔ ማን ናት?»

ሴትየዋ ግድግዳውን ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ይህን ስም ከማን ሰማሽ?»

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«እናቴ ናት። በዴሳ እኔን ስትወልድ ሞተች። እህቷ ፋንታዬ ናት ሶዶ አምጥታ ከልጆቿ ሳትለይ ያሳደገችኝ። ሰፈሩ ሁሉ የፋንታዬ ልጅ ብሎ ነው የሚያውቀኝ። ባንክም የእናት ስም ሲሉኝ ፋንታዬን አስጻፍኩ። ፋንታዬ በሕይወት እያለች ሌላ ስም መጥራት እንዳያስከፋት ብዬ ብርሃኔን ለባሌ ብቻ ነበር የነገርኩት።»

«ባለቤትዎ ለሌላ ሰው ነግረው ይሆን?»

«እንዴት አድርጌ ልጠይቀው?» አለች ሳህሊቱ።

ኮማንደር ሶርሳ ግን ጠብቆ ሰልችቶታል። አዲስ ሐሳብም አግኝቷል፦ ሳህሊቱና ደገፉ ተመሳጥረው ሌላ ሴት ላኩ፤ ገንዘቡን ወስደው ባንኩን ሊከሱ አሰቡ፤ በኋላ ሲከፋፈሉ ተጣሉ። የትምወርቅ ሐሳቡን ጨርሳ አዳመጠችው።

«ሁሉም ፎቶ ቤቱ ይሰብሰቡልኝ» አለች። «ከዚያ በኋላም ይህን ካመኑ የእስር ማዘዣውን እኔው እጽፋለሁ።»

በማግስቱ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ጀነሬተሩን አውሶ የፎቶ ቤቱ ክፍል በርቷል። ቤኒ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሟል። ቤዚ እጆቿን አጣምራለች። እዮኤል ኮፍያውን አውልቆ ይዟል። ሳህሊቱ ደገፉ የወደቀበትን ቦታ ላለመርገጥ ጥጉን ይዛለች።

«ደገፉ የሞተው ስም ሊጠራ ስለነበር ነው» ብላ የትምወርቅ ጀመረች። «ይህን የሚያውቁት እዚህ ያላችሁት ናችሁ። ቤኒ ሰምቷል፤ ለቤዚና ለእዮኤል ወይዘሮ ሳህሊቱ ራሳቸው ነግረዋቸዋል። ከቤኒ ልነሳ። ገዳዩ ከካሜራው ውስጥ ሚሞሪ ካርዱን ወስዷል፤ የሴትየዋ ምስል እዚያ ያለ መስሎት። ቤኒ ቢሆን ካርዱ ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ የሚያጠፋው ኮምፒውተሩን ነበር። ስለዚህ ገዳዩ የዚህን ቤት አሠራር አያውቅም።»

ቤኒ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ወይዘሮ ሳህሊቱስ?» አለ ኮማንደሩ።

«እመጣለሁ። ሁለተኛዋ ሳህሊቱ ባንክ ስትገባ የእናትሽ ስም ማነው ተባለች። ብርሃኔ አለች። መዝገቡ ላይ ያለው ፋንታዬ ነው። ያቺን ሴት ወይዘሮ ሳህሊቱ ልከዋት ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ያስጻፉትን ስም ይነግሯት ነበር። ቤዚ ልካት ቢሆንም ስክሪኗ ላይ የሚታየውን ስም ትነግራት ነበር። ሁለቱም አይሳሳቱም። ሰፈርተኛ ሌባ ቢሆንስ? እሱም ፋንታዬ ይላል፤ ሁሉም ሰው የሚያውቃት እሷን ነውና። ብርሃኔ ብሎ የሚሳሳተው እውነቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሌባ የተያዘው አብዝቶ በማወቁ ነው።»

የትምወርቅ ወደ እዮኤል ዞረች።

«እውነቱን ወይዘሮ ሳህሊቱ ለባለቤታቸው ብቻ ነግረዋል። አቶ እዮኤል፣ ሱቅዎ ውስጥ ምን ነበር ያሉኝ? "እናቷ በወለደቻት ዕለት ሞታባት" አላሉኝም? እኔ አልጠየቅኩዎትም። እሳቸውን ዝቅ ሊያደርጉ ብለው ነው የተናገሩት።»

ሳህሊቱ ወደ እዮኤል ዞረች። እዮኤል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ወንድሜ አንድ ቀን ሲያወራ ሰምቼ ይሆናል። ይህ ማስረጃ ነው?»

«ለብቻው አይደለም። ቤኒ፣ ክፈተው።»

ስክሪኑ ላይ ነጭ መጋረጃ ፊት የተቀመጠች ወጣት ሴት ታየች።

«ይህን ፊት ትናንት ከመታወቂያው ኮፒ ላይ በስልኬ አንስቼ ወደየወረዳው ልኬ ነበር» አለች የትምወርቅ። «ገሱባ ላይ የሚያውቋት ሰዎች ተገኙ። ሜላት፣ ግቢ።»

ልጅቷ ከፖሊስ ጋር ገባች። እዮኤልን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እሱ ነው» አለች። «"የወንድሜ ሚስት ታማ አልጋ ላይ ናት፤ መድኃኒት መግዣ የሚያወጣላት ሰው የለም" አለኝ። መታወቂያውን ያሠራው እሱ ነው። ባንክ ሆኜ ስልክ የደወልኩትም ለእሱ ነው። የባንክ ካርዱን ከነሚስጥር ቁጥሩ ተቀበለኝና መንገዴን ከፍሎ ሸኘኝ።»

ኮማንደር ሶርሳ ራሱ ካቴናውን አወጣ። የእዮኤል ሱቅ ሲፈተሽ ሚሞሪ ካርዱ ከብሎን ሳጥን ውስጥ ተገኘ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ እዮኤል እየወሰዱት። «ዝም በል ብዬ ልለምነው ነው የሄድኩት። እምቢ አለኝ። ሳህሊቱ፣ በወንድሜ አጥንት!»

«በሱ አጥንት አትማል» አለች ሳህሊቱ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ወንድምህ የነገረህን ይዘህ ነው የገባኸው። ሁለት እናቶች አሉኝ፤ አንዷንም መስረቅ አልቻልክም።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከተበላ ከተማ የባሏ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ገንዘቡ ይመለሳል፤ በሬም ይሸጣል፤ አንቺ ብቻ ፍርድ ቤት አትቁሚ አሏት። የቤተሰብ ስም አታጉድፊ፣ ሴት ልጅ ነሽ፣ ነገ ብቻሽን ትቀሪያለሽ አሏት። ሳህሊቱ ወንበር አውጥታ አስቀመጠቻቸው፤ የሚበላም አቀረበችላቸው።

«የእኔን ገንዘብ ይቅር ልለው እችላለሁ» አለች በልተው ሲጨርሱ። «የደገፉን ነፍስ ግን እኔ ይቅር የምለው አይደለም። ሰውየው አያውቀኝም፤ ለእኔ ብሎ እውነት ሊናገር ቆርጦ ነበር። እሱ ሊናገር የነበረውን እኔ እናገራለሁ። ብቻዬንም ብቀር እናገራለሁ።»

ባንኩንም አልተወችውም። በየሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ እየቆመች፣ የተሳሳተ መልስ ተቀብሎ ያሳለፈው ማን እንደሆነ በሰልፉ ሰው ሁሉ ፊት ጠየቀችው። ለማሽኑ ተሰልፈው የሚጠብቁትንም አልማረችም።

«እጅሽን ከልዪ!» ትላለች የማታውቃትን ሴት። «ቁጥርሽን ለባልሽም አትንገሪ። ኮፒ ስትሰጪ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ላዩ ላይ ጻፊበት። ምን ያሳፍርሻል? ይፈር ሌባው!»

በችሎቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከተበላ የመጡት ዘመዶች በአንድ ወገን ተደርድረው በዓይናቸው ይከተሏታል። ቤኒ ከደገፉ ባለቤት አጠገብ ተቀምጧል። የትምወርቅ በሩ አጠገብ ቆማለች። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ ቀና አለ።

«ምስክር ሳህሊቱ ቦልቴ!»

«አለሁ» ብላ ተነሳች፤ በባሏ ዘመዶች ፊት አልፋ ወደ መመስከሪያው ሄደች።