የመዘምራኑ ልክ ያለበት ኮምፒውተር

ምሕረት ጠዋት ስፌት ቤቷን ስትከፍት ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ኮምፒውተሩ የለም።

ሌላው ሁሉ አለ። ካውያው አለ፣ ሲንጀሩ አለ፣ አዲሱ ከፈይ እንኳ አልተነካም። ቻርጀሩ ራሱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ቀርቷል።

«የመዘምራኑ ልክ!» ብላ ጮኸች። የእሁዱ ጉባኤ መዘምራን ልብስ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። ካላደረሰች ሶዶ ላይ ማን ዳግም ያምናታል?

ሳጅን ብርሃኔ መጣች። አፏ ምላጭ ነው።

«ልቅሶውን ተይና ንገሪኝ። ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ፣ ጋሼ አድነው፣ ኮምፒውተሩን የሚያይልኝ ማቲም።»

አድነው ጨርቅ ቆራጩ ነው። እጁ ጥሩ፣ ኩራቱ ግን ከጣሪያ በላይ።

«ማቲ ነው!» አለ። «ትናንት አመሻሽ ቦርሳ አዝሎ ወደ ኦቶና ሲሄድ አይቼዋለሁ።»

ማቲ ተጠራ። ቦርሳው ተዘረገፈ። የወጣው ኦቶና ሆስፒታል ለተኛች እህቱ የገዛው፣ ትናንት የመጠየቂያ ሰዓት አልፎበት ይዞት የተመለሰው ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

«ኮምፒውተሩስ?» አለች ብርሃኔ።

ማቲ ሳቀ። «ምን ሊያደርግልኝ? ሥራው እኮ እሱ ውስጥ አይደለም። ፕሮግራሙን በየወሩ እየከፈለች በኢንተርኔት ነው የምትጠቀመው። ልኩም ንድፉም ባለፕሮግራሞቹ ጋ ይቀመጣል። ምሕረት፣ ረሳሽው እንዴ? በስልክሽ ክፈቺው።»

የይለፍ ቃሏን አስገባች። የልብሶቹ ልክና ንድፍ አንድ በአንድ ብቅ አለ። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ሁሉም ስልኩን ሲያይ ብርሃኔ ሰዎቹን ታይ ነበር። የአድነው ዓይን ጥግ ወዳለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ሮጠ።

«አቶ አድነው፣ ያንን ይዘርግፉልኝ።»

«ቆሻሻ ነው እኮ፣ ሳጅን።»

«ቆሻሻ አልፈራም። ይዘርግፉ!»

ኮምፒውተሩ ከጨርቁ መሃል ወጣ።

«ሊሸጥ የሰረቀ ቻርጀሩን አይተውም» አለች። «ይህ ሰው ሥራውን ማጥፋት ነው የፈለገው። ማቲ በዚህ እንደማይጠፋ ያውቃል። ምሕረት የገዛ ሥራዋን አታጠፋም። ማን ቀረ?»

አድነው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ይሄ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ጠመኔዬን የሚፈልግ ጠፋ። ልኩ ሲጠፋባት፣ ‹ጋሼ፣ ይድረሱልኝ› ትለኛለች ብዬ ነው።»

«አፍ የለዎትም? ለዚህ ብለው የሰው ልጅ ስም ያጠፋሉ? ይቅርታ ይጠይቁት!»

ጠየቀ። ማቲ እጁን ዘረጋለት።

«ዕቃዬ ተገኝቷል፣ ክስ የለኝም» አለች ምሕረት። «ግን ጋሼ፣ የርስዎን ዓይነት የአንገት አቆራረጥ ማንም አይችለውም። ይሳሉልኝ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ በስምዎ እናስገባው።»

አድነው በጥቁር ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሳለ። ማቲ ፎቶ አንስቶ አስገባው። ስልኩ ላይ «የጋሼ አድነው አንገት» የሚል ወጣ።

አድነው የምሕረትን ስልክ እንደ መደበቅ ብሎ ኪሱ ከተተና ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ።

«እዚህስ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ» አለች ምሕረት።

«እንግዲህ» አለ መቀሱን እያነሳ፣ «እኔን ማን ይደብቀኛል!»