ጉም የለበሰው ፊት

ታዴዎስ ሞቶ የተገኘው በነሐሴ ወር፣ ከቀትር ጀምሮ የጣለው ዝናብ ባባራበት ምሽት ነበር። ቀበና ወንዝ ዳር ካለው ግቢው ጥግ፣ ትንንሽ የሰው ምስሎች በሚሠራበት ክፍል፣ ታጣፊ አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቶ ጋቢውን እስከ ደረቱ ስቧል። መስኮቱ ተዘግቷል። ከአልጋው እግርጌ የከሰል ምድጃ አለ፤ ፍሙ ከስሞ አመድ ብቻ ቀርቷል።

የአካባቢው ፖሊሶች ነገሩ ብዙ አላስጨነቃቸውም። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በየክረምቱ ሰውን በር አዘግቶ ከሰል ያሳቅፋል፤ በየክረምቱም ከሰል የሚያፍነው ሰው አይጠፋም። ሐኪሙም ይህንኑ አረጋገጠ። ኢንስፔክተር ዙሌካ ግን የሟቹ ታናሽ ወንድም ልደቱ የሰጠውን ቃል ስታዳምጥ አንድ ነገር ከነከናት።

«ወንድሜ እዚያ ክፍል ውስጥ ክብሪት እንኳ አያስጭርም ነበር» ብሏል ልደቱ። «ቲነሩና ቀለሙ በአንዴ ይነዳል እያለ ይቆጣናል።»

ዙሌካ ከሃምሳ ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትጠይቅ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅ የምታይ ሴት ናት። በማግሥቱ ሄዳ ክፍሉን አስከፈተች።

መደርደሪያው በምስሎች ተሞልቷል። ታዴዎስ ሬዚን ከሚባል ጠጣር ፕላስቲክ የተሠሩ፣ ተፈታተው የሚሸጡ ትንንሽ ወታደሮችን ከውጭ ያስመጣና ፊታቸውን በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ከዚያ በስቱኮ አዲስ ፊት ይሠራላቸውና የሰፈሩን ሰው ያደርጋቸዋል። አንዱ ሎተሪ አዟሪ ሆኗል፤ አንዱ ከሚኒባስ በር የተንጠለጠለ ረዳት፤ አንዱ ጃንጥላ የያዙ ቄስ። ጠረጴዛው ላይ ለብቻው የቆመው ግን ልጅ ነው። ከስንዝር አይበልጥም። ኳስ በብብቱ ይዟል፤ ማሊያው ላይ ያለው እጥፋት ሁሉ ይታያል። ፊቱ ብቻ አይለይም። ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ሸፍኖታል።

ዙሌካ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ ደፉን በጣቷ ዳበሰች። ከውስጥ በኩል ዝናብ ገብቶበት እንጨቱ ርሷል። በመጨረሻም ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር የተቀመጠውን የሟቹን ነጠላ ጫማ አነሳች። ማእድ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ በመካከሉ ያለው ቀይ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የነጠላ ጫማው ሶል ግን ደረቅ ነበር።

ሚስቱን ናዝሬትን ያገኘቻት ሳሎን ውስጥ፣ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ነው። የባሏ እናት ወይዘሮ ዘቢደር አጠገቧ ነበሩ። አሮጊቷ ሰው ካልደገፋቸው አይራመዱም፤ አንድ እጃቸውን የምራታቸው ጉልበት ላይ አሳርፈዋል።

ናዝሬት ሳታለቅስ ተናገረች። ያፌት የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ኳሱን ሊያወጣ ወርዶ ውኃው ወሰደው። በዚያን ቀን እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ልጁን ይጠብቅ የነበረው ታዴዎስ ክፍሉ ውስጥ ማስኩን አድርጎ ቀለም ይረጫል፤ የመርጫው ኮምፕረሰር ይጮኻል። ልጁ «አባዬ» እያለ ሲጣራ ከወንዙ ማዶ ያሉ ጎረቤቶች ሰሙት። አባቱ አልሰማም። ናዝሬት ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ እግሯን አንስታ አታውቅም። የኮምፕረሰሩን ድምፅ ግን በየቀኑ ትሰማው ነበር።

«ሰሞኑን ምን ይሠራ እንደነበር ያውቃሉ?» አለች ዙሌካ።

«የልጄን መልክ ለማውጣት ይታገል ነበር።» ናዝሬት የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «እሱንም አበላሸው።»

ዙሌካ ሌላ አልጠየቀቻትም። ወጥታ ልደቱን በረንዳው ላይ አነጋገረችው። ታዴዎስ በሞተበት ቀን ካራ ሰፈር ለቅሶ ላይ ውሎ ሲመለስ የወንድሙን መብራት አይቶ በሩን ያንኳኳው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት የነበሩት ሰዎች እዚያ መዋሉን መስክረውለታል። ወንድሙን ሲያገኘው ጩኸቱን ሰምታ ናዝሬት ሮጣ መጣች፤ እሱ ግን እንዳታይ ብሎ ከደጅ ይዞ መለሳት፣ በሩንም ቆልፎ ፖሊስ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ምስል ልብ አላለውም።

ኢማድ የታዴዎስ ወዳጅ ነው። ጉርድ ሾላ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለው። ከተማው ውስጥ ከታዴዎስ ጋር ስለ ሬዚን የሚያወራ ሰው እሱ ብቻ ስለነበር እሑድ እሑድ አይለያዩም። በዚያም ቀን እስከ ቀትር አብረው ሲሠሩ ውለዋል። እሱ ከሄደ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ከዚያ እስኪመሽ ከመደብሩ እንዳልወጣ ጎረቤቶቹ አረጋገጡ።

ዙሌካ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶግራፍ አሳየችው። ኢማድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ስሄድ እንዲህ አልነበረም» አለ። «ያፌት ራሱ ነበር። የቀረው የመጨረሻው ቫርኒሽ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«እርጥበት። ዝናብ እየጣለ መስኮት ከፍተው ቫርኒሽ ከረጩ፣ ሲደርቅ እንደዚህ ይነጣል። ነገ እንጨርሰው ብዬው ነበር።»

«መስኮቱን ዘግቶ ቢረጭስ?»

«ታዴዎስ? ሽታው እስኪወጣ መስኮቱን ቢሞት አይዘጋም» አለና ቃሉ ራሱን አስደነገጠው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ደራሹ ቀለል ሲል፣ ዙሌካ አራቱን ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አብሯት የመጣው ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆመ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

ታዴዎስ ቫርኒሹን ሲረጭ መስኮቱ ክፍት እንደነበር የልጁ ፊት ይመሰክራል አለች፤ የረጠበው ደፍም እንዲሁ። ቲነር በሸተተበት ክፍል እሳት አያስገባም፤ ስለዚህ ረጭቶ ሲጨርስ ሽታው እስኪወጣለት ጋቢውን ስቦ ጋደም አለ። ምድጃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከማእድ ቤት ያመጣው እሱ ቢሆን ጫማው በጭቃ ይለወስ ነበር። ሌላ ሰው ጭቃውን ተሻግሮ ምድጃውን አስገብቷል፤ መስኮቱንም ዘግቷል። ልደቱ ካራ ነበር። ኢማድ ጉርድ ሾላ ነበር። እማማ ዘቢደር ምድጃ አይሸከሙም።

ልደቱ ቀና ብሎ የወንድሙ ሚስት ላይ ዓይኑን ተከለ።

«ወይዘሮ ናዝሬት፣» አለች ዙሌካ፣ «ክፍሉን ለሦስት ዓመት ረግጬው አላውቅም ብለውኛል። አስከሬኑ ሲገኝም ከደጅ ተመልሰዋል። ምስሉ መበላሸቱን ማን ነገርዎት? አቶ ኢማድ ሲሄድ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ያየው ወደ ክፍሉ የገባው ሰው ብቻ ነው።»

ናዝሬት ለመካድ አልሞከረችም። የጠየቋት ነገር ቀላል እንደሆነ ሁሉ በእርጋታ መለሰች።

«ቡና ልጠራው ነው የገባሁት። ከደጅ ሆኜ ጠራሁት፤ አልሰማም። ልጄ በጠራው ቀንም አልሰማም። ገባሁ። ተኝቷል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ልጄን አየሁት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ከወንዙ ሲያወጡት ፊቱ እንደዚያ ነበር። በኔ ፊት ነው ያወጡት። ያንን ፊት ሠርቶ፣ አጠገቡ እንቅልፍ ወስዶታል።»

ዓይኗን ወደ ግቢው መለሰች።

«መስኮቱን ዘጋሁ። ምድጃውን አመጣሁ። በሩ ጋ ቆሜ መልሼ ላወጣው አስቤ ነበር። እጄን እንኳ ዘርግቼ ነበር፤ እምቢ አለኝ። ተመልሼ ወጡን አማሰልኩ።»

ኢማድ ከመቀመጫው ተነስቶ ፊቷ ተንበረከከ። ዝም ቢል ይሻል እንደነበር ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

«ናዝሬት፣ ሆን ብሎ አይደለም። ፀሐይ ሲወጣ ሌላ ስስ ቫርኒሽ ቢደርብበት ጉሙ ይለቅ ነበር። ያንን ስለሚያውቅ ነው ትቶት የተኛው። ለያፌት ሙት ዓመት ላንቺ ሊሰጥሽ ነበር የሚጣደፈው።»

«ይለቃል?» አለች ናዝሬት።

«ይለቃል።»

ራሷን ነቀነቀች። ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ሲያስነሳት ተነሳች። በሩ ላይ ጫማዋን ለማድረግ ብትሞክር ክንዷ በፖሊሱ እጅ ስለነበር አልቻለችም፤ ልደቱ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አደረገላት። ለምን እንዳደረገው ራሱም አያውቅም። ከዚያ ግንቡን ተደግፎ አለቀሰ።

ዙሌካ በሥራዋ ዘመን ብዙ ሰው አስይዛለች። እውነቱ ሲወጣ ትንሽም ብትሆን እፎይታ ታገኝ ነበር። አሁን ግን ቤቱን ዞር ብላ ስታይ ያስተካከለችው ነገር አንድም አልታይ አላት።

«ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር ወደ ልደቱ ዞረው። «የማታው ኪኒኔ የቱ ነው?»

ልደቱ ኮሞዲኖው ላይ ያለውን የመድኃኒት ከረጢት አምጥቶ ዘረገፈው። አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፤ አያውቀውም። ዙሌካ መነጽሯን አድርጋ ስማቸውን አነበበች፤ እሷም አታውቀውም። አሮጊቷ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ ጠበቁ።

ዙሌካ ከረጢቱን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። የፖሊስ መኪናው ሞተር ተነስቶ ነበር። መስኮቱን አንኳኳች፤ ናዝሬት ከውስጥ ዝቅ አደረገችው።

«ሮዙ የማታ ነው፤ ግማሹን» አለች ናዝሬት ከረጢቱን ገና ሳታየው። «ቢጫው የጠዋት። በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ፤ ያዞራቸዋል። ውኃውንም ለብ አድርጎ ይስጣቸው።»

ዙሌካ ተመልሳ ለልደቱ ነገረችው፤ እሱም እንዳይረሳው ደግሞ ደጋግሞ አለው። ሮዙን ኪኒን በቢላዋ ከሁለት ከፈለው፤ ውኃውን ለብ አድርጎ አመጣ። ወይዘሮ ዘቢደር ጥቂት እህል ቀምሰው ኪኒኑን ዋጡ። ብርጭቆውን መለሱና መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ አዳመጡ።

«እሷስ እህል ቀምሳለች?» ብለው ጠየቁ።