የባነሩ ሌላኛው ጫፍ

«ያቺ የጃቫ ልጅ ነገ ሰልፉ ላይ ከመጣች እኔ እቀራለሁ!» አለች ጀና ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከረች።

ሐስና የጨርቁን ጫፍ ወጥራ ያዘች። ነጩን የባነር ጨርቅ በእነሐስና ቤት በረንዳ ላይ ዘርግተው «ከሰሉ ከእኛ፣ ጨለማውም ለእኛ» ብለው እየጻፉ ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ብቻ ቀርቷል። ፊት ለፊታቸው ባለው የማሃካም ወንዝ ላይ፣ የድንጋይ ከሰል የተቆለለበት ጀልባ ቀስ እያለ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከሰሉ ጃቫ ደሴት ደርሶ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ይነድና የዚያን ከተሞች ያበራል። እዚህ ከሰሉ በሚወጣበት ሳማሪንዳ ግን መብራት እንዳሻው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ይባስ ብሎ ሰሞኑን ጃቫ ላይ ካለችው ዋና ከተማ ከጃካርታ በመጣ ውሳኔ ዋጋው ጨመረ። የነገው ሰልፍም ለዚሁ ነው።

«ራትሪ ምን አደረገችሽ?» አለች ሐስና።

«እኔን? ምንም። ሰዎቿ ግን በእኛ ከሰል ይንበሻበሻሉ። ጎረቤቴ ናት ብለሽ ጥብቅና አትቁሚላት!»

ጀና ካኮረፈች ወር ሙሉ አታናግርም። ሐስና ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ የልብ ጓደኛ የላትም። ብቻዋን መቅረትን ፈራች።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ…

ድምፁ ከአጥሩ ማዶ፣ ከእነራትሪ ቤት ነው። የመብራት ካርድ ቆጣሪ ሒሳቡ ሊያልቅ ሲል ይጮሃል፤ የሚሰቀለው በራፍ ላይ ስለሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ራትሪ ፎጣ ይዛ ወጣች። የገለበጠችው ባልዲ ላይ ቆማ ቆጣሪውን ልታፍነው ሞከረች። ፎጣው ወደቀ። አነሳችው፤ አሁንም ወደቀ።

«እሰይ! ለእነሱም ይጩህላቸው!» ብላ ጀና ሳቀች።

ሐስና አልሳቀችም። ባለፈው ሳምንት የእነሱ ቆጣሪ ሲጮህ እናቷ በአሮጌ የትራስ ልብስ አፍናው ነበር። የዚያን ቀን እፍረት አሁን ተመልሶ ፊቷን አጋለው። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታችና አጥሩን ዞራ ሄደች።

«ፎጣው ብቻውን አይቆምም፤ በገመድ ነው የሚታሰረው።»

ራትሪ አቀረቀረች። «እናንተም ታደርጉታላችሁ?»

«ማን የማያደርግ አለ? አናወራውም እንጂ።»

«ሐስና! ትመጫለሽ ወይስ ልሂድ?» ጀና ከበረንዳው ጮኸች።

ሐስና ገመዱን አጥብቃ ቋጠረች። ከዚያ ጀናም እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ራትሪ፣ ነገ ጠዋት የባነሩን አንዱን ጫፍ ትይዥልኛለሽ?» አለች።

ጀና ብሩሹን ወርውራ ጫማዋን አጠለቀች። ዞር ብላ እንኳ ሳታያቸው ሄደች። ሐስና ጓደኛዋ ከዓይኗ እስክትሰወር ተመለከተቻት፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

ራትሪን ይዛ ወደ በረንዳው ተመለሰችና ብሩሹን ከወለሉ አነሳች።

«የቀረው ‹ለእኛ› የሚለው ነው» አለች እያቀበለቻት። «አንቺ ጻፊው።»