ክዳኑ የተከፈተው ሳህን

ዶክተር አብሳሎም ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጠባቧ የላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ከዶሮ አንጀት የተወሰደው ባክቴሪያ የሚያድግበት ሳህን ክዳኑ ተከፍቶ ቀርቷል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ልቡ ነው» ተባለ፤ የልብ ሕመምተኛ ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋን እታገኝን ከሬሳው ይልቅ ያስፈራት ሳህኑ ነበር። የዚያ ባክቴሪያ ጥናት የልጇ የሌንሳ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ነው። እታገኝ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልጇን ባጃጅ የገጫት የሚመስላት እናት ናት። «ተበላሸ ብለው በልጄ ያሳብባሉ» ብላ፣ ሰው ሲተራመስ ሳህኑን ከደነችና አየር መምጠጫውን ከረጢት ጨምራ አየር የማያስገባ ጃር ውስጥ ቆለፈችው። ያስተማራት ራሱ ሟቹ ነው፤ «እትዬ፣ ይቺ አየር አትችልም። ግማሽ ሰዓት ከነካት ትሞታለች» ይላት ነበር።

ሰኞ ኢንስፔክተር ረይሃና መጣች። መጀመሪያ የሟቹን ባልደረባ ሊዮልን ጠየቀች።

«ትጣሉ ነበር አሉ።»

«በየቀኑ! እሱ ዶሮ ሲያይ አዲስ ዝርያ ይታየዋል፤ ለእኔ የሚታየኝ ወጥ ነው። ስድስት ተኩል ላይ ወጥቻለሁ።»

ጥበቃው ዋቅጋሪ ቃሉን አጸናለት። «ኤዬ። ሌንሳ ደግሞ ሰባት ሰዓት ወጣች። ዘጠኝ ላይ ከእናቷ ጋር እስክትመለስ ዝንብ እንኳ አልገባም።»

«ስወጣ ደህና ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር» አለች ሌንሳ።

ረይሃና ክፍሉን ዞረች። ከጎን ያለው የናይትሮጅን ሲሊንደር ዓርብ የተቀየረ ቢሆንም ባዶ ነው። ቱቦው ወደ ጠባቧ ክፍል ይገባል።

«እትዬ እታገኝ፣ ሳህኑ የት ገባ?»

እታገኝ ጃሩን አሳየቻት።

ረቡዕ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ሊዮል ጃሩ ውስጥ ያለችውን ባክቴሪያ ሰኞ ወደ አዲስ ሳህን አዛውሯት ነበር፤ በቅላለች» አለች ረይሃና። «ሐኪሞቹ እንዳሉት ዶክተሩ ስምንት ሰዓት ግድም ሞቷል፤ ሳህኑም ከዚያ ጀምሮ ክፍት ነበር። መስኮቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ባክቴሪያዋ ትሞት ነበር። ስለዚህ ዝግ ነበር፤ ክፍሉንም ናይትሮጅን ሞልቶ አየሩን አስወጥቶታል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ዶክተሩ ሳህኑን እንደከፈተ ሳያውቀው ወደቀ። ከዚያ ሲሊንደሩን ከፍቶት የነበረው ሰው ተመልሶ ዘጋውና መስኮቱን ከፈተ፤ እትዬ እታገኝ ሳህኑን ከመክደናቸው ጥቂት ደቂቃ በፊት።»

«ማነው?» አለ ዋቅጋሪ።

«ሟቹ ማስታወሻው ላይ ጽፏል። ሌንሳ ያቀረበችው የዘረመል ውጤት ከሌላ ባክቴሪያ የተቀላቀለ ነው፤ አዲስ ዝርያ የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ለኮሚቴው ሊያሳውቅ ነበር።» ወደ እታገኝ ዞረች። «እትዬ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ቀድሞ ገባ?»

ቅዳሜ እታገኝ ኮሪደሩ ላይ ባልዲ እየሞላች ነበር። ሌንሳ «ጋውኔን ላምጣ» ብላ ቀድማ ሄደች። መጀመሪያ የመስኮቱ ማጠፊያ ሲጥጥ አለ። የሌንሳ ጩኸት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ቀን ሙሉ ነፋስ ነው ስትል ከርማለች።

«ልጄ ናት» አለች። «መስኮቱ ሲከፈት ሰምቻለሁ።»

ሌንሳ ቀስ ብላ ቀና አለች። «እማ፣ ሳህኑን ለምን ነካሽው?»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

ልጅቷን ይዘዋት ወጡ። እታገኝ ለሃያ አራት ዓመት የፈራችውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው፦ ባጃጁን፣ ወባውን፣ እሳቱን። ይኼኛው አልነበረበትም። ለቅሶ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። ሲጥጥ አለ።