የማክሰኞዋ መርፌ

ፖሊሶቹ በፎቃችን ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቀው እኔን ዘለሉኝ።

ምድር ቤት ያለውን ጡረተኛ ጠየቁት፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ስለሚውል ጣሪያው ቢወድቅበት ማስታወቂያ ይመስለዋል። ከላይ ያለችውን ተማሪ ጠየቋት፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ አላደረችም። እኔ ከአበጋዝ በር ፊት ለፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን የአደጋ ጥሪ ደወል ተጭኜ አምቡላንስ ያስመጣሁትም እኔ ነኝ። እንግዲህ ማንን መጠየቅ ነበረባቸው?

እኔንማ ጠየቁኝ አይባልም፤ በስልክ አስተርጓሚ አቀረቡልኝ፤ መሳይ ይባላል። አሥር ቃል ስሰጠው ሁለቱን ያቀብላል፣ ስምንቱን ኪሱ ይከታል። መርማሪው ኮርኔሊስ፣ ረጅም ቀይ ሰውዬ፣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአበጋዝን ማስታወሻ ማንበብ እችል እንደሆነ። ፊደል አልቆጠርኩም አልኩት። ደብተሩን አጠፈና እጄን መታ መታ አድርጎ ወጣ። እንደ ሕፃን።

ተናደድኩ። ንዴቱ ግን ሙሉ አልነበረም። ከሥሩ ሌላ ነገር ተኝቷል።

አበጋዝ አርብ ዕለት ሆስፒታል ሞተ። ሐኪሞቹ የስኳር መድኃኒቱ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ገብቶበታል አሉ። የሞተ ሰው አይጠየቅም። ስለዚህ ማን ወጋው የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

ሰውዬው እዚሁ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ የዕቃ መዝገብ ሲይዝ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ከዚያ ይዟት የመጣት መዳፍ የምታህል አሮጌ ማሽን ነበረችው፤ «አጀንዳዬ» ይላታል። ስልክ አይደለችም፤ ማንንም አትጠራም። በቀጭን የፕላስቲክ ብዕር ፊቷን ነካ ነካ ሲያደርጓት ሰንጠረዥ ታወጣለች። ቀን፣ ሰዓት፣ የስኳሩ ልክ፣ የመርፌው ልክ፣ ሁሉም በየሣጥኑ። ሌላ ገጽም አላት፤ ባዶ፣ እንዳሻቸው የሚሥሉበት። ሥዕሉ ሲያልቅ ቀኑንና ሰዓቱን ራሷ ከራስጌው ትለጥፋለች።

አበጋዝ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት አመጣ። ልጁ ኖህ ዴን ሃግ ከተማ ነው የሚሠራው፤ አባቱን የአረጋውያን ቤት ላስገባህ እያለ ይጨቀጭቀው ነበር። አበጋዝ እምቢ አለ። በቤቱ ለመኖር ሲል ሥርዓት አወጣ። አንድ ቀን አጀንዳዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ብዕሯን ሰጠኝ።

«እትዬ ማናለብሽ፣ ሰንጠረዡ የእኔ ነው፤ ሥዕሉ የእርስዎ» አለኝ። «የሚረሳ ሰው ለራሱ አይመሰክርም። እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ስወጋ አይተው እርስዎ መርፌ ይሥላሉ። የመርፌ ሥዕል ከሌለ አልተወጋሁም ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳለሁ። ሆዱን ገልጦ ሃያ አራት ዩኒት ሲወጋ አያለሁ። መርፌዬን እሥላለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጠዋት። እናቴ ትምህርት ቤት ባትሰደኝም መቁጠር አላጣሁም፤ ዶሮ እየቆጠርኩ ነው የተማርኩት።

ሌሊቱን ጀናት ታድርለታለች፤ ከሰኞ እስከ አርብ። በሌሊት ተነሥቶ በር ስለሚከፍት ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ዩስራ የምትባል ሴት ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች። ማታ ሦስት ሰዓት ትገባለች፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ወጥታ ትራሟን ትይዛለች። ልጇ ለትምህርት ሳትወጣ መድረስ አለባት።

ፖሊሶቹ መጀመሪያ ኖህን ያዙት። ቁልፍ አለው፤ ከአባቱ ጋር ይጣላል፤ ቤቱ እንዲዘጋ ይፈልጋል። ደስ አለኝ ልበል? ያንን ልጅ አልወደውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «አንቺ» ነው የሚለኝ። ግን ያን ሌሊት ዴን ሃግ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተረኛ ሆኖ አድሯል። በመግቢያው ካሜራ ታይቷል፤ ጠዋትም ሦስት ሰዓት ድረስ እዚያው ነበር። ለቀቁት።

ቀጥሎ ጀናት።

አጀንዳዋን ከፍተው የማክሰኞን ገጽ አዩ። ሁለት ረድፍ አገኙ፤ ሁለት ጊዜ ሃያ አራት። ሰዓቱን አነበቡና ጀናትን ጠሯት። መሳይ አስተረጎመ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ቤት ነበርሽ ወይ? ነበርኩ አለች። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይስ? ነበርኩ፤ ተኝቶ ነበር። ወግተሽዋል? አልወጋሁም። ብዕሯስ የት ሄደች? አላውቅም።

ብዕሯ የለችም ነበር። ከማሽኗ ጎን ያለው ቀዳዳዋ ባዶ ነው። ያጠፋ ሰው ነው የሚደብቀው አሉ። ታውስዞርግ የሚሉት የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ጀናትን ከሥራ አገዳት።

በሳምንቱ ረቡዕ ወደ ቤቴ መጣች። ከዳፐር ገበያ ብርቱካን ይዛ፤ በዚያ ጭንቀቷም ባዶ እጇን አልመጣችም። ፊቷ ከስቷል። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ፖሊስ ጥፋተኛ ናት ካላት የመልካም ጠባይ ወረቀቷን አታገኝም። ያ ወረቀት ከሌለ በዚህ አገር በሽተኛ አጠገብ አያስቆሙም። ሌላ ሥራ አታውቅም። ልጅቱ ደግሞ በትምህርት ቤት «እናትሽ ሽማግሌ ገደለች» ተብላለች።

«እማማ፣ ያን ዕለት ጠዋት እርስዎ ገብተው ነበር?» አለችኝ።

«እኔ? የለም። ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

አልኩ። ከአፌ ወጣ።

አልተጠራጠረችም። አመነችኝ። ይኼ ነው የከፋው። ከዚያ ጠበቃዋ የሰጣትን ወረቀት ዘርግታ አሳየችኝ፤ ፖሊሶቹ የአጀንዳዋን ፊት ፎቶ አንስተውት ነው። ፊደል አላውቅ፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። ከሰንጠረዡ ሣጥን ውስጥ አንድ ሠላሳ የሚል ቁጥር አየሁ። ከሥሩ ሁለት አሥር።

ወረቀቱን ለጀናት መለስኩላት።

አበጋዝ ማሽኗ ገና እጁ ስትገባ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስድስት ሰዓት መልሶታል። «ፀሐይ ወጥታ ሰባት ስትለኝ ትዋሸኛለች» ይል ነበር። መርማሪው በእሱ አገር ቆጠራ አንብቦ እኩለ ሌሊት አሳለፈው። መሳይ ማሽኗን አላየም፤ የተነገረውን ሰዓት ወደ እኛ አዞረና ሰባት ተኩል አደረገው። ጀናት ሌሊት ሰባት ተኩል ላይ እውነትም እዚያ ነበረች፤ እውነቷን ተናግራ ራሷን አሰረች። አንድ ሠላሳ ግን አንድ ሠላሳ ነው። ጠዋት። እሷ ትራም ላይ ነበረች።

ያን ሰዓት እዚያ ቤት የነበረ ሰው አንድ ነው።

ጀናትን በር ድረስ ሸኘኋት። ምንም አልነገርኳትም።

ከዚያ የቆጠርኩት ባትሪ ነው። ማሽኗ ሁለት ቀጫጭን ባትሪ ትበላለች። አበጋዝ በየሦስተኛው እሁድ ይቀይርላት ነበር፤ አንዱን አውጥቶ ቶሎ ይተካል፣ ከዚያ ሌላውን። «ባትሪዋ ከደረቀ ያወቀችውን ሁሉ ትረሳለች፤ እኔን መሆኗ ነው» እያለ ይስቃል። ጀናት እንዳለችኝ፣ ፖሊሶቹ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተዋታል። ቆጠርኩ። እስከ እሁድ ነው ዕድሜዋ። ሁለት መቶ አሥራ አንዱም መርፌ፣ ሰዓቱም፣ ሁሉም ይጠፋል። ዝም ብዬ ብቀመጥ ማንም፣ በጭራሽ ማንም አያውቅም። አልጠየቁኝማ። መናቄ መጋረጃ ሆነልኝ።

ሐሙስን በዚህ ዋልኩ። ከጀናት ብርቱካን አንዱን ላጥኩት፤ አልወረደልኝም።

አርብ ጠዋት ባትሪ ገዛሁና ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ኮርኔሊስን እፈልጋለሁ አልኩ፤ ይህን ያህል ሆላንድኛ አላጣም። አስተርጓሚም ይምጣ፣ በስልክ አልፈልግም፣ ፊቱን ልይ አልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጡኝ። መሳይ መጣ፤ ለካስ ሸበቶ ሰው ነው፣ ድምፁን ሰምቼ ጎረምሳ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ» አልኩት፣ «ዛሬ አንዲት ቃል ኪስህ ብትከት ኪስህን እዳብሳለሁ።»

ሳቅ አመለጠው። እሺ እማማ አለ።

አጀንዳዋ መጣች። ስትከፈት ፊቷ ደብዝዟል፤ ልትሄድ ነው። ባትሪዎቹን እንዴት አንድ በአንድ እንደሚቀይር ለመርማሪው አሳየሁት። እሱም ቀየረ። በራች።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየሁት። አሥር ከሃያ ይላል። ማሽኗን አሳየሁት። አራት ከሃያ ትላለች።

«ተበላሽታለች?» አለ።

«አልተበላሸችም። ሲነጋ አንድ ትላለች፤ እንደ ሰው።»

መሳይ ቃሉን ሳይጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፎቶ ወረቀት ሳበ። አንድ ጊዜ አየው፣ መልሶ አየው። ለራሱ በአማርኛ «ወይኔ» አለ። ከዚያ ለመርማሪው ረጅም ነገር አስረዳው። ቀዩ ሰውዬ ነጣ።

ወደ ሥዕሎቹ ገጽ ሂድ አልኩት። መርፌ፣ መርፌ፣ መርፌ፤ ሁሉም አንድ ተኩል አካባቢ። እሁድንና ሰኞን እንዲፈልግ ነገርኩት። ጀናት ቅዳሜና እሁድ አታድርም፤ መርፌው ግን በሁለቱም ጠዋት አለ። ማን ሣለው ታዲያ?

ቦርሳዬን ከፈትኩና ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

ብዕሯን አንሥቼ ባዶ ገጽ ላይ መርፌዬን ሣልኩ። ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ራሱ ወፍራም። መርማሪው ከሌሎቹ ጋር አስተያየው።

«ብዕሩን ከየት አመጡት?» አለ ኮርኔሊስ። አሁን «እርስዎ» የሚለው ነገር ድምፁ ውስጥ ገባ፤ መሳይም አልቀነሰውም።

«ከሽርጤ ኪስ። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ ነበረች።»

«ማክሰኞ ዕለት ሥዕል የለም።»

«አልሣልኩማ።»

«ለምን?»

ነገርኩት። ሰኞ ዕለት ብዙወርቅ የምትባል የቤተ ክርስቲያን ሰው አበጋዝን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ሥዕሎቼን አወጣና አሳያት። «የእትዬ መርፌ ባሮ ሽንኩርት አይመስልም?» አለ። ሳቁ። ይህን እችለው ነበር። ቀጥሎ ግን «ቢማሩ ኖሮ የት በደረሱ» አለ። ለሙገሳ ነው ያለው፤ አሁን አውቀዋለሁ። ሰባ ስድስት ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን ቃል በእንግዳ ፊት ነው የጣለብኝ።

ማክሰኞ አንድ ተኩል ላይ እንደ ልማዴ ገባሁ። ቁጥሩን ጻፈ። ሆዱን ገለጠ። ሲወጋ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ብዕሯን ዘረጋልኝ። ተቀበልኳት። «የተማረ ይሣልልህ» አልኩና ብዕሯን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። በሩን ዘጋሁት።

አርባ ደቂቃ ቆይቶ አጀንዳዋን ከፍቷል። መወጋቱን ረስቷል። መርፌዬን ፈለገ፤ የለም። ሥርዓቱ ደግሞ የራሱ ነው፤ ሥዕል ከሌለ አልተወጋሁም። ስለዚህ በጥፍሩ ጫፍ ሁለተኛውን ረድፍ ጻፈ፤ ራሱን ወጋ። እኔ ኩርፊያዬ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወጣልኝ፤ ልታረቀው ስገባ ወለሉ ላይ ነው። ማሽኗ ጠረጴዛው ላይ ተከፍታለች። ሰንጠረዡ አይደለም የሚታየው፤ ባዶው የሥዕል ገጽ ነው። እየጠበቀኝ ነበር።

ኮርኔሊስ ብዕሯን ከማሽኗ ጎን አስቀመጣት። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ፤ መሳይ አቀበለ። አደጋ ነው አለ። እርስዎ አልወጉም፤ ሥዕል አለመሣል በሕግ ወንጀል አይባልም። ጀናት ነፃ ናት፤ ዛሬውኑ ለድርጅቷ እጽፋለሁ፤ የእርስዎን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ ቤትዎ ገብተው ይረፉ። ደብተሩን አጠፈ። እጁን ወደ እጄ ሰደደ።

እጄን ሳብኩ።

«በመጀመሪያ ምንም አታውቅም ብለህ ዘለልከኝ» አልኩት። «አሁን አሮጊት ናት ብለህ ልትዘለኝ ነው። አልቀበልህም። ያን ደብተር ግለጠው። ማናለብሽ መወጋቱን አየች፣ በኩራቷ አልሣለችም፣ ጀናት ስትጠይቃት ዋሸች በል። ሁሉንም። መሳይ፣ አንተም ምስክር ነህ። ከዚያ ጀናትን ጥራት፤ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ እኔ ፊት ለፊቷ፣ ጮክ ብለህ አንብብላት። ብርቱካን ይዛልኝ መጥታ ነበር። እስክትመጣ አልነሣም፤ ጻፍ።»