በወንድሜ ስም «አለሁ» ያልኩ ቀን

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፀሐይ በሱቁ መስኮት ገብታ የሥራ ጠረጴዛዬን ብርሃን አልብሳው ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ ነው፣ ቅዠት ነው» የምትሉ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። አልተኛሁም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን እኔም አላምንም። ግን የደረሰው በእኔ ነው... በእኔም ብቻ አይደለም።

ሥራዬ የመነጽር መስታወት መሞረድ ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን ጽፎ ይልካል፣ እኔ በፍሬሙ ልክ ሞርጄ እገጥማለሁ። የታናሽ ወንድሜ ቁጥር ዘጠኝ ነበር። መነጽሩን ካወለቀ የገዛ ጣቶቹን መቁጠር ያቅተዋል። እንዲህም ሆኖ ከመጽሐፍ ላይ ዓይኑን አይነቅልም።

የሚወደው መጽሐፍ አንድ ነበር። አንድ ስላችሁ ስምንት ቅጽ ነው! «የጨው በር» ይባላል። ማለቂያ የሌለው የጨው በረሃ አቋርጠው፣ ከማዶ ያለውን በር ስለሚፈልጉ መንገደኞች ነው። ዘንዶ አለው፣ ጠንቋይ አለው፣ የሚናገር ነፋስ አለው።

እኔን ያስጀመረኝ እሱ ነው። «ሦስት ገጽ አንብበሽ ካልወደድሽው አንድ ወር ሙሉ ዕቃ አጥባለሁ» ብሎ ተወራረደ። ዕቃውን ያጠብኩት እኔው ነኝ።

የመጽሐፉ አፍቃሪዎች ስልክ ላይ ግሩፕ አለን። ወደ አራት መቶ እንሆናለን። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም። ወንድሜ «ኩራዝ» ነበር፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በስልክ መብራት ስለሚያነብ። እኔ «መስታወት»። ግሩፑን የሚመራው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ «መሪው» እንለዋለን። ፊቱን አይተን አናውቅም።

እናታችን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። ለእሷ እኛ ስልክ ላይ ተጥደን የምንውል ልጆች ነን።

አሁን ደንቡን ልንገራችሁ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ የመንገደኞቹ መሪ በየቀኑ ስም ይጠራል። የተጠራው «አለሁ» ይላል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ድንጋይ ያስቀምጡለታል፣ ያለቅሱለታል፣ ይሄዳሉ።

እኛም እንደዚያው እናደርግ ነበር። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መሪው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበርነውን አሥራ ሁለታችንን በየተራ ይጠራል። ሁላችንም «አለሁ» ካልን የሳምንቱን ምዕራፍ በድምፁ አንብቦ ይልክልናል። አንድ ሰው ከጎደለ አይነበብም። አንዷ ነርስ በገዛ ሠርጓ ቀን «አለሁ፣ ግን ቶሎ በሉ፣ ሙሽራው እያየኝ ነው» ብላ ጽፋለች።

ክልክል የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሌላ ሰው መመለስ።

ምክንያቱም አራተኛው ቅጽ ላይ አንዲት እናት አለች። ልጇ በውኃ ጥም ሞቶባታል። ስሙ ሲጠራ አላስችል ይላትና «አለ!» ትላለች። ድንጋይ ሳይቀመጥለት ይቀራል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ከሩቅ ይከተላቸዋል። ሲሄዱ ይሄዳል። ሲቆሙ ይቆማል። አይደርስም... አይቀርም።

በዚህ ምዕራፍ ግሩፑ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቀ። ሁሉም ለእናቲቱ አዘነ። «እናት ናት፣ ምን ታድርግ?» ወንድሜ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ፍቅሯማ ፍቅር ነው። ግን ሳያርፍ የሚሄደው እሱ ነው፣ ልጁ።»

ልቡ ከልጅነቱ ደካማ ነበረች። በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መነጽሩ ከአልጋው ወድቆ ተሰበረ። አዲስ ልሠራለት ጀመርኩ። የግራውን መስታወት ገጠምኩ። የቀኙን ለማክሰኞ አቆየሁት።

ሰኞ ልጠይቀው ስሄድ እጄን ያዘኝ።

«እህቴ።»

«ወዬ።»

«ከሄድኩ... ለመሪው ንገሪው። ድንጋዬን ያስቀምጡልኝ።»

«ዝም በል። ምን ያስቀባጥርሃል?»

«ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ... እሺ አልኩህ!»

ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። የቀኙ መስታወት ሳይሞረድ ቀረ።

ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ቅዳሜ ሥራ ገባሁ። የእሱ ስልክ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ለመሪው «ኩራዝ አርፏል» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። ሳልልከው አጠፋሁት።

ለምን እንዳጠፋሁት ልንገራችሁ። ለቤቱ ሰው ሞቷል። አልጋው ተነጥፎ ማንም አይተኛበትም፣ ጎረቤቱ ሁሉ «የሞተ ተጎዳ» እያለ አጽናንቶን ሄዷል። ግሩፑ ላይ ግን ገና አልሞተም። አራት መቶ ሰው ዘንድ በሕይወት አለ። እዚያም እንዲሞትብኝ አልፈለግኩም።

«ኩራዝ!» ብሎ ጻፈ መሪው።

«ኩራዝ!» ሁለት።

ሦስተኛው ሲመጣ በወንድሜ ስልክ መለስኩ።

«አለሁ።»

ወዲያው አንዱ «ኩራዝ፣ ዛሬ ጋዝ አልቆብህ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። ሳቅኩ። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ ሽርጤን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ስድስት ቅዳሜ እንዲሁ አደረግሁ።

መጀመሪያ ያስደነገጠችኝ እናቴ ናት። አራተኛው ሳምንት ላይ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ጠራችኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አበደች እንዳትዪኝ።»

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከኋላዬ ሰው ይሄዳል። በጠራራ ፀሐይ። ስሄድ ይሄዳል... ስቆም ይቆማል።»

«ዞር ብለሽ አየሽ?»

«አየሁ እንጂ። ማንም የለም።» ፈገግ አለች። «ግን እናት የልጇን አረማመድ ታጣዋለች? እንደ ልማዱ ቀኝ እግሩን ሲጎትት እሰማዋለሁ።»

እናቴ ከዚያ መጽሐፍ አንድ ገጽ አንብባ አታውቅም።

ሐዘን ነው አልኩ ለራሴ። ሐዘን የማያሰማው ነገር የለም።

ቀጥሎ መነጽሩ ነው። ያልተጨረሰውን መነጽር በማስቀመጫው አድርጌ የሱቁ መሳቢያ ውስጥ ነበር የማኖረው። አንድ ቀን ስከፍተው የግራው መስታወት ላይ የጣት አሻራ አየሁ። ዙሪያውን ነጭ ነገር ደርቆበታል። ስንት ዓመት የሰው መነጽር አጽድቻለሁ፤ እንባ ሲደርቅ ጨው እንደሚተው አውቃለሁ። ይሄ ግን እንባ ብቻ አልነበረም። የፍሬሙ መታጠፊያ ውስጥ ገብቶ ሲታጠፍ ይንኮሻኮሻል።

ጠረግኩት።

በነጋታው ተመልሶ ነበር።

ሰባተኛው ቅዳሜ መጣ። የወንድሜን ስልክ ቻርጅ ማድረግ ረስቼ ጠፍቷል። ገመዱን እየፈለግኩ ሳለ በእኔ ስልክ ላይ ስሙ ተጠራ።

«ኩራዝ!»

«አለሁ።»

በመጀመሪያው ጥሪ። እኔ ሁልጊዜ ሦስተኛውን ነበር የምጠብቀው። በመጀመሪያው የሚመልሰው እሱ ነው።

በሌላው እጄ የያዝኩትን የእሱን ስልክ አየሁት። ጥቁር ነው። ጠፍቷል።

ከዚያ በእሱ ስም አንድ የድምፅ መልእክት ወጣ። ዘጠኝ ሰከንድ። ከፈትኩት። ነፋስ... ከሩቅ የእግር ኮቴ... የሚንኮሻኮሽ ነገር ሲረገጥ... ከዚያም ትንፋሽ ያጠረው የወንድሜ ድምፅ።

«ቆዩኝ።»

ነርሷ «ኩራዝ፣ የምን በረሃ ገባህ ደግሞ?» ብላ ጻፈች። ሁሉም ሳቀ።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። ይሄኛው ለእኔ ብቻ ነበር።

«እህቴ። ደከመኝ።»

«በአንድ ዓይን መንገዱ አይታየኝም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ ብላችሁ ውሸት ነው። አፈርኩ። እኔ በየሳምንቱ ልስቅ፣ ልጽናና ብዬ... የሚሄደው ግን እሱ ነበር። ያ ደካማ ልቡ አሁንም አላረፈችም።

በዚያው ሳምንት የቀኙን መስታወት ሞረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ገጠምኩት፣ ጠረግኩት፣ ማስቀመጫው ውስጥ ከትቼ መሳቢያውን ቆለፍኩ። ከዚያ ለመሪው አንድም ሳልደብቅ ጻፍኩለት።

እሱም መለሰልኝ።

«ልጄ፣ ቅዳሜ እጠራዋለሁ። ምንም ብታዪ እንዳትመልሺ። ሌላ ማንም እንዳይመልስለት።»

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ያቺው ፀሐይ፣ ያው ጠረጴዛ። መሪው ኩራዝ መሞቱን ለግሩፑ ተናገረ። ማንም እንዳይመልስለትም አስጠነቀቀ። ከዚያ ጠራው።

«ኩራዝ!»

ከስሙ ሥር «እየጻፈ ነው...» የሚል ወጣ።

ጠፋ።

«ኩራዝ!»

«እየጻፈ ነው...»

ሁለት እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። «ሂድ የኔ ጌታ» አልኩ በሹክሹክታ። «ሂድ፣ እረፍ።»

«ኩራዝ!»

ጠበቅኩ። ምንም።

መሪው የአንዲት ድንጋይ ፎቶ ለጠፈ፣ ከግቢው ያነሳት ተራ ድንጋይ። ቀጥሎ ነርሷ። ቀጥሎ ያ ሁሉ ቀልደኛ። አራት መቶ ሰው ከየደጁ፣ ከየመንገዱ ድንጋይ እያነሳ ላከለት። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰው ሲያነጋግር ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ስረጋጋ መሳቢያውን ከፈትኩ። ማስቀመጫው እንደተዘጋ ነው። ከፈትኩት።

ባዶ ነው።

ብታምኑኝ ደስ አለኝ። ወሰደው አልኩ። አሁን መንገዱ ይታየዋል።

ለእናቴ ልነግራት ወደ ቤት ሮጥኩ። ሁሉንም ልነግራት ነበር፣ ቃል መግባቴን፣ መዋሸቴን፣ አሁን ማረፉን። ከሱቁ እስከ ቤት አሥር ደቂቃ ነው። መንገዱ ላይ ሰዎች ነበሩ፣ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱ ነበር።

የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

እናቴ መተላለፊያው ላይ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ቆማለች። እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ፊቷ እንደዚያ በርቶ ካየሁት ቆይቷል።

«እማዬ?»

«እሽሽ...»

«ምን ሆነሻል?»

«አሁን ሰው ከውጭ ጠራ። ኩራዝ... ኩራዝ... እያለ። ሦስት ጊዜ።»

ያንን ስም አንድ ቀን እንኳ ነግረናት አናውቅም።

«ኩራዝ ማን እንደሆነ አላውቅም» አለች። «ግን ልጄን እንደሆነ ገባኝ። የሚመልስለት ሰው ሲያጣ አንጀቴ አልቻለም።»

«እማዬ... ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? 'አለ!' አልኩ። 'አለልኝ!'»

ዓይኗን ከደጁ አልነቀለችም። እኔም ወደምታይበት አየሁ።

የበሩ ደፍ ላይ የወንድሜ መነጽር ተቀምጧል። ሁለቱም መስታወት አለው። ፍሬሙ ጨው ለብሷል። ፊቱን ወደ እኛ፣ ወደ ቤት ውስጥ አዙሯል።

«ግባ እንጂ ልጄ» አለች እናቴ። «ምን ያቆምሃል?»

ማንም አልገባም።

መስታወቶቹ ግን ከሩቅ መንገድ መጥቶ የደከመ ሰው እንደሚተነፍስባቸው፣ በጉም ይሸፈናሉ... ይጠራሉ... ይሸፈናሉ... ይጠራሉ።